የመሪጌታ ደምለው ቢስክሌት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአለበል፤ አሥመራ።

የሰው አገር አየር እንዴት አድርጎ ይዞሃል? ሰውነትህስ ደህና ነው ወይ? እኔ እህትህ ሥራነሽ፣ ባለቤቴ መሪጌታ ደምለው፣ ልጃችን ያለምወርቅም በቅዱስ ማርቆስ ጥበቃ በሕይወት አለን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንድጀምር ደምለው ነገረኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንዲህ ነው አለ። የጎደለን ግን አለ፤ ኋላ እነግርሃለሁ።

እኔ ፊደል እንደማላውቅ ታውቃለህ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስለ ራሱ የምናገረውንም እየሰማ ስለሚጽፍ አንዳንዱን ቢዘለው አትፍረድበት።

(አልዘለልኩም። ደምለው ነኝ።)

ያቺ ዳማ በቅሏችን በነሐሴ ተወሰደች። ሰዎች መጥተው «ለመንግሥት ጭነት ትፈለጋለች» አሉና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥተውን ይዘዋት ሄዱ። ወረቀቱ አሁንም አለ። ወረቀት ግን በቅሎ አይሆንም።

አንተ በነበርክበት ዘመን ደምለው እዚሁ ከተማ ደብር ብቻ ነበር የሚያገለግለው። አሁን ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ባለችው የማርያም ደብር ድጓ ያስተምራል። ሰኞ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። መንገዱ አዲስ የተጠረገው የመኪና መንገድ ነውና ደህና ነው፤ ጉልበቱ ግን ደህና አይደለም። ዓርብ ሲመጣ ወዲያው አይገባም፤ መቋሚያውን ተደግፎ ደጃፍ ላይ ይቆያል። ደክሞኝ ነው አይልም፤ «ደመናውን እያየሁ ነው» ይላል። ሰማይ ጥርት ባለበትም ቀን ደመና ያያል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የምትችለው ከሆነ ቁይ ገበያ በቅሎ ይገኛልና ለመግዣው እንድታግዘን ብዬ ነው።

(ይህን አልጽፍም ብዬ ነበር። ምሳህን አታገኝም አለችኝ።)

የእናታችን አምላክ ካለህበት አይለይህ።

እህትህ ሥራነሽ


አሥመራ፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእታለም ሥራነሽ፤ ደብረ ማርቆስ።

ጉልበትሽን ስሜ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። ለመሪጌታም ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ያለምወርቅን ግንባሯን ሳሙልኝ፤ ትቻት ስሄድ ገና መዳኽ አልጀመረችም ነበር፣ ዛሬ ትልቅ ልጅ ሆና ይሆናል።

እኔ ደህና ነኝ። የምሠራው እዚያው ቢስክሌት ቤት ነው። ባለቤቱ ጣሊያን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደግም አይደለም፤ እጅ ሥራ ላይ ካየ ዝም ይላል። ከሚመጣልን ቢስክሌት ግማሹ የከተማ ሰው ነው፣ ግማሹ የወታደር። እኔ የተመደብኩት ጎማና ኮርቻ ላይ ነው።

በቅሎ መግዣ ጠየቅሽኝ። ብዙ አሰብኩበት። በቅሎ ብትገዙ ነገ ከነገ ወዲያ እንደ ዳማዋ ትወሰዳለች። ቢስክሌት ግን ሣር አትበላም፣ ጭነት አትችልም፣ ለስንቅ ማመላለሻ የሚመኛት የለም ብዬ አንዲት አዲስ ገዝቼ በካሚዮን ልኬያለሁ። ሹፌሩ የሐማሴን ሰው ነው፣ የማምነው ነው፤ በደሴ፣ በአዲስ አበባ አድርጎ አባይን ተሻግሮ ይመጣል። በመሪጌታ እጅ እንዲያስረክብ አደራ ብዬዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ለእርስዎ ነው መሪጌታ፤ ደጋግመው ያንብቡት። ቢስክሌቷ የምትደርስዎ ጎማዎቿ ወልቀው፣ መሪዋ ዞሮ፣ ኮርቻዋ እስከ ታች ወርዶ ነው። ለጭነት እንዲመች ነው እንጂ ተሰብራ አይደለም። የብሎን መፍቻ፣ የጎማ መለጠፊያና ነፋስ መሙያ ፖምፓ በከረጢት አብሮ አለ።

በፊተኛው ጎማ ይጀምሩ። በሁለቱ የሹካ ብረቶች መካከል ሲያስገቡት ከግራም ከቀኝም ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ከዚያ የግራውን ብሎን ጥቂት፣ የቀኙን ጥቂት እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንዱን ብቻ ጨርሰው ካጠበቁ ጎማው ተጣሞ ይቆማል። ሲጨርሱ ቢስክሌቷን ከፊት ከፍ አድርገው ጎማውን ከላይ በቡጢ ይምቱት። ከተነቃነቀ አልጠበቀም ማለት ነው። ያሽከርክሩትም፤ የፍሬኑን ላስቲክ ከነካ እንደገና ያስተካክሉ። ለኋለኛውም እንዲሁ ያድርጉ።

ነፋስ ሲሞሉ አይቸኩሉ። ከመነዳሪ የምንለው ከውስጥ ያለው ስሱ ጎማ ነው፤ ነፋሱን የሚይዘው እሱ ነው። በላይኛው ጎማና በክቡ ብረት መካከል ተቆንጥጦ ከቀረ ሲሞላ ይፈነዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ይንፉ፣ ዙሪያውን በአውራ ጣትዎ እየጫኑ ይዩ፣ ያበጠ ቦታ ከሌለ ይቀጥሉ። ሲጨርሱ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ብቻ እሺ የሚል ይሁን። እንደ ድንጋይ ከሆነ ይነጥራል፤ ከላላ ደግሞ ብረቱ መንገዱን እየመታ ይጎዳል።

ኮርቻው መጀመሪያ ዝቅ ያለ ይሁን፤ እስኪለምዱ ድረስ ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይንኩ። ከለመዱ በኋላ ግን ከፍ ያድርጉት፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ይበላል። ልኩ እንዲህ ነው፦ እታለም ቢስክሌቷን ትያዝልዎ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ተረከዝዎን በታች በኩል ባለው ፔዳል ላይ ያድርጉ። እግርዎ ወገብዎ ሳያዘነብል ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው። ነገር ግን ኮርቻውን የተሸከመው ብረት ቢያንስ አራት ጣት ያህል ከውስጥ ይቅር፤ ከዚያ በላይ ከተመዘዘ ተሰብሮ ይጥልዎታል። አጥብቀው ሲጨርሱ አፍንጫውን ይዘው በሙሉ ኃይልዎ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ። እሺ ካለዎ አይውጡበት።

ቁልቁለት ላይ የኋለኛውን ፍሬን ያስቀድሙ። የፊተኛውን ብቻ አንቀው ከያዙት በራስዎ ይተክልዎታል። ነጠላዎን ይታጠቁት፤ ሰንሰለቱ ጨርቅ ይወዳል።

ይህን ሁሉ ያበዛሁት ስለምፈራ ነው። እዚህ ብዙ ሰው ሲወድቅ አያለሁ።

ታናሽሽ አለበል


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአለበል።

እጅህ ይባረክ። የላካትን ጌታ አይርሳው። በጥምቀት ማግሥት ሹፌሩ ከደጃችን አወረዳት፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ደምለው ደብዳቤህን እንደ ውዳሴ ማርያም ጧት ጧት ያነባት ነበር። ጎማውን ሲያስገባ ያለምወርቅ ወረቀቱን ትይዝለታለች፣ እሱ እያነበበ ይሠራል፤ «እያፈራረቁ» ያልከውን ቦታ ሦስቴ ደገመው።

እኔ ከኋላ ኮርቻውን ይዤ እየሮጥኩ አስተማርኩት። ስለቀው ደህና ይሄዳል፤ መልቀቄን ሲያውቅ ይወድቃል። አንድ ቀን ከጎረቤታችን ከማንጠግቦሽ ጌሾ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ማንጠግቦሽ ሥቃ ሥቃ ስታበቃ አወጣችው፤ የተሰበረ ቅርንጫፍ አንድም አላስከፈለችውም።

ከደብሩ ሰዎች ያጉረመረሙ ነበሩ። መሪጌታ ጥምጥሙን አድርጎ በብረት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ነውር መሰላቸው። አለቃ ወልደ ሩፋኤል ራሳቸው ሊያዩ መጡ። ዞሩ ዞሩና ጎማውን በዘንጋቸው ነካ አድርገው ጠየቁት።

«ደምለው፣ ይህ ነገር በምን ይቆማል?»

«በነፋስ ነው አባቴ።»

«ነፋሱ ሲወጣበትስ?»

«ይተኛል።»

«እንግዲያ ከእኛ በምን ተለየ?» ብለው ባርከዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለም።

አሁን ሰኞ ወጥቶ ዓርብ ሲመለስ ደጃፍ ላይ አይቆምም። ደመና ማየቱንም ትቷል።

ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ይላል። አንደኛ፣ ኮርቻው በከፍታው አይቆይም፤ ማርያም ሲደርስ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል፣ ጉልበቱንም ከፊት በኩል ያመዋል። ሁለተኛ፣ የግራር እሾህ የፊተኛውን ጎማ ወጋበት። በላክህለት መለጠፊያ ለጥፎ ነፋ፤ በማግሥቱ እንደገና ተኛ።

(ሦስተኛም አለኝ፤ እሷ አልሰማችም። አለበል፣ እኔ ወንድም የለኝም። በዚህች ነገር ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ስወርድ እንደ ልጅ እጮኻለሁ። ይህን ያደረግህልኝ አንተ ነህ።)

ሰላም ሁን።

እህትህ ሥራነሽ


አሥመራ፣ የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሥራነሽና ለመሪጌታ ደምለው።

ደብዳቤያችሁን በምሳ ሰዓት ከፍቼ አነበብኩት፤ ጌሾው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሣቅሁ። ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አየኝ።

ኮርቻው የሚወርደው ብረቱ ቅባት ስለነካው ይሆናል። ያውጡት፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይመልሱት፣ ብሎኑን እንደገና ያጥብቁ። በትክክለኛው ከፍታ ላይ ብረቱን ክር ይጠምጥሙበት፤ ክሩ ከተዋጠ ወርዷል ማለት ነው። ጉልበት ከፊት በኩል ሲያም ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ሲያም ከፍታው በዝቷል። እሾሁ ደግሞ ከላይኛው ጎማ አልወጣ ይሆናል፤ እሱ እዚያው ተሰክቶ እያለ ከመነዳሪውን መለጠፍ ከንቱ ነው። ጨርቅ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ያሂዱ፤ የሚይዘው ቦታ ላይ እሾሁ አለ። በባዶ እጅ አይፈልጉት።

እታለም፣ እዚህ ስለ አገራችን የሚወራው ደስ አይልም። ወደ ጎጃም የሚወርድ ጦር ብዙ ነው ይባላል። ሥራ በዝቶብናል፤ የወታደር ቢስክሌት በአንድ ጊዜ ተደርድሮ ይመጣል፣ እኔ ጎማውን ነፍቼ ኮርቻውን አጥብቄ እሰጣለሁ። የት እንደሚሄድ አልጠይቅም። እናንተ ደህና ናችሁ ወይ? ቶሎ ጻፉልኝ።

መሪጌታ፣ እኔም ከእርስዎ በቀር ወንድም የለኝም።

አለበል


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ።

ይህን የማስጽፈው ገበያ ዳር በሚቀመጥ ጸሐፊ እጅ ነው። ደምለው በመጋቢት ወር መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። በማርቆስ ደብር ተቀብሯል። አርባውን አውጥተናል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ሄዶ የሚነግርህ ሰው አጣሁ። እኔና ልጄ ደህና ነን። ምንም አትላክ።

እህትህ


አሥመራ፣ ሰኔ ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሥራነሽ።

ሹፌሩ ደብዳቤውን ሰጠኝና ዞር አለ። እሱ ሰምቶ ኖሯል። በማን እጅ እንደተጻፈ ሳላነብ ጽሕፈቱን ሳይ ነው ያወቅሁት፤ የመሪጌታ እጅ አልነበረም።

እግዚአብሔር ያጥናሽ ልበል? ለማን ነው የምለው? እኔ ነኝ የላክኋት።

እታለም፣ መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ግን ልጠይቅ። የወደቁት ቁልቁለቱ ላይ ነው ወይስ ሜዳው ላይ? የፊተኛው ጎማ ነበር? ለጥፈው ያስገቡት እለት ብሎኑን በሁለቱም በኩል አጥብቀውት ነበር? ኮርቻው ከፍ ይበል ብዬ በየካቲት ጻፍኩላቸው። አራት ጣት ከውስጥ ይቅር ያልኩትን ዘንግተው ከዚያ በላይ መዝዘውት ይሆን? ወይስ እኔ በሁለተኛው ደብዳቤ ሳልደግመው በመቅረቴ ነው? ቢስክሌቷ ካለች ብረቱ የተሰበረበትን ቦታ ሰው ያይልኝ።

ለተዝካሩ ሻማና አንድ ነጠላ ልኬያለሁ። ምንም አትላክ ብለሽኛል፤ አልቻልኩም።

ስሜን እንኳ አልጻፍሽውም። አልፈርድብሽም።

አለበል


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ።

የላክኸው ደርሶኛል። ስለዚያ ነገር ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። አንድም ቃል። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ ሰው ይሰማል። ብትወደኝ ተወው።

እኛ በሕይወት አለን። አንተ ሥራህን ሥራ።

እህትህ


አሥመራ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም።

ተወው ብለሽኛልና ልተወው ሞክሬ ነበር። የነገሩን ስም ሳልጠራ ልጻፍልሽ።

ሥራህን ሥራ አልሽኝ። እጄ እምቢ አለኝ። በኅዳር አንድ የከተማ ሰው አዲስ ይዞ መጣና ኮርቻውን እንዳስተካክልለት ተቀመጠ። አጠበቅሁት። በቃ ብሎ ሊነሣ ሲል ቆይ አልኩትና ደግሜ አጠበቅሁት። ከዚያም ደገምኩ። ብሎኑ ተቆርጦ በእጄ ቀረ። ሰውየው እንደ እብድ አየኝ። ባለ ሱቁ አልተቆጣም፤ መጥረጊያ ሰጠኝ። አሁን ሱቁን እጠርጋለሁ፣ ሳጥን እሸከማለሁ፤ ጎማ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

በዚያ ነገር ላይ ያለ ሰው በመንገድ ሳይ ዓይኔን እከድናለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዓይን ሳይከድኑ መሄጃ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ከዚያ በኋላ አልጠይቅም። ወዲያው ነው ያረፉት ወይስ ቆይተዋል? ስሜን ጠርተው ረግመውኛል ወይ? ቢረግሙኝም ንገሪኝ። አለማወቁ ነው የገደለኝ።

አለበል


አሥመራ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም።

ከጥር ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ሹፌሩ ሰጥቻታለሁ ይላል። «ምን አለችህ?» ስለው «ምንም» ይለኛል። «ደብዳቤውን ይዛ ምን አደረገች?» አልኩት። «በማግሥቱ እሳት ውስጥ ጨመረችው» አለኝ።

በሕይወት መኖርሽን ብቻ አሳውቂኝ። ሌላ አልፈልግም።


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፲ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ።

በሕይወት አለን። ታገሥ።

እህትህ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት ፳፭ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፣ ለአለበል፤ አሥመራ፣ ቢስክሌት ቤት።

ስምህን ጻፊልኝ ብዬ እማሆይ ወለተ ኢየሱስን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። እሷ የማርቆስ መነኩሲት ናት፤ ይህ ጽሕፈት የእሷ ነው፣ የምታነበውም እሷ ብቻ ናት። ጥሊያን ከማርቆስ ከወጣ እነሆ ሁለተኛው ወር ነው። እናንተም ዘንድ ወጥቷል ብለውኛል። አሁን መናገር እችላለሁ።

አለበል፣ ደምለው ከቢስክሌት አልወደቀም።

እኔ ወድቆ ሞተ አልኩህ እንጂ ከቢስክሌት አላልኩህም። አንተ ግን እንደዚያ መስሎህ ስትቃጠል እያየሁ ዝም አልኩህ። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ስማኝና ከዚያ ፍረድ።

በዚያ ዓመት በየካቲት አገሩ ሁሉ ተነሣ። ከጨሞጋ ማዶ ያለው ሰው ዱር ገባ። ደምለው ሰኞ እየሄደ ዓርብ እየተመለሰ ወሬ ያደርስላቸው ነበር። በከተማው ስንት ካሚዮን ገባ፣ ጦሩ በየት ሊወጣ ነው፣ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ ይሄዳል። ወረቀት አይዝም። ድጓ የያዘ ራስ ይህ አያቅተውም ይል ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ተው አላልኩትም። ቢስክሌቷ ባትኖርም በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ይህን እወቅልኝ።

በመጋቢት ወር አንድ ዓርብ ሲመለስ ጨሞጋ ድልድይ ላይ አዲስ ኬላ ተተክሎ ቆየው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ማዶ ላይ ወታደሮች ተመትተው ነበር። ማንጠግቦሽ ከድልድዩ አጠገብ ወንዙ ዳር ልብስ ታጥብ ነበርና ሁሉን አይታለች፣ ሰምታለችም፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ቁልቁለቱን ሲወርድ ከታች ቁም አሉት። ፍሬኑን ያዘ፣ ቆመ። ፍሬኑ ይዟል፣ አለበል። ጎማውም ደህና ነበር፣ ኮርቻውም አልወረደም። አንድ እግሩን መሬት አድርጎ እጅ ነሣቸው።

አስተርጓሚው የእኛው ከተማ ሰው ነው። ጠየቀው።

«ይህችን ከየት አመጣሃት?»

«ከገበያ ገዛኋት።»

«ከማን?»

«ከመንገደኛ።»

የኬላው ሹም በቋንቋው ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ ደምለው ጠጋ ብሎ «መሪጌታ፣ ይህች ከአሥመራ የወታደር ቢስክሌት ከሚታደስበት ቤት የወጣች ናት ይላል። ከዚያ ለሽፍታ የሚልክ ሰው አለ ብሎ ነው የሚፈልገው። የላከልህን ሰው ስም ስጠውና አንተን ይለቅሃል» አለው።

ማንጠግቦሽ እንደምትለው ደምለው ከኮርቻው ወረደ። ቢስክሌቷን በድልድዩ ግንብ ላይ አስደግፎ አቆማት። ከዚያ «የምሰጠው ስም የለኝም» አለ።

ደግመው ጠየቁት። ደግሞ ያንኑ መለሰ። ከድልድዩ ሥር ወስደው ተኮሱበት። ወዲያው ነው ያረፈው። ጠይቀኸኝ ነበርና ነገርኩህ።

አለቃ ወልደ ሩፋኤል ሬሳውን ሊለምኑ ሄዱ። ሹሙ «መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ ብላችሁ የምትቀብሩት ከሆነ ውሰዱት፤ ሌላ ቃል ብሰማ ቤቱን አቃጥላለሁ» አላቸው። እንደዚያ ብለን ቀበርነው። ቢስክሌቷን ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የላከው ማን ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሹፌሩ ከደጃችን ሲያወርዳት ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፤ አንተን የማያውቅ የለም። አንድም ሰው አልተናገረም። ያ የገበያ ዳር ጸሐፊ ግን ኬላው ጋ ሲመላለስ ይታይ ነበር። አንተ «እኔ ነኝ የላክኋት» ብለህ ስምህን ፈርመህ ስትጽፍ፣ እኔ ለእሱ ማስነበብ ፈርቼ ደብዳቤህን እማሆይ በስውር እስክታነብልኝ ድረስ አቅፌ እውል ነበር። ከዚያ አቃጥለዋለሁ። ተወው ያልኩህ ተቆጥቼብህ አይደለም።

እማሆይ ይህን ሁሉ አትንገሪው፣ ጎማው ደህና ነበር ማለት ይበቃዋል አለችኝ። እኔ ግን ሦስት ዓመት ዋሽቼሃለሁ፤ ከእንግዲህ ግማሽ አልነግርህም። ስሜን ጠርቶ ረግሞኛል ወይ ብለህ ነበር። አልጠራውም፣ አለበል። ስምህን አልጠራውም።

መንገድ ሲከፈት ና። ያለምወርቅ አድጋለች። መቃብሩን አሳይሃለሁ።

እህትህ ሥራነሽ


አሥመራ፣ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሥራነሽ፤ ደብረ ማርቆስ።

ደብዳቤሽ በሐምሌ ማለቂያ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ መልስ ያልጻፍኩት ብዕር ስላጣሁ አይደለም።

አንብቤ ስጨርስ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጎማው ደህና ነበር የሚለውን ቃል ስንት ዘመን ነው የለመንኩት። መጣ፤ አላረፍኩበትም። የእኔ እጅ ስቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሳተ እጅ ንስሐ ይገባል። እሳቸው ድልድይ ላይ ቆመው ስሜን አልሰጥም ሲሉ እኔ እዚህ ተቀምጬ የነዚያን ወታደሮች ጎማ እነፋ ነበር። ይህን ለየትኛው ቄስ እንደምናገረው አላውቅም።

ሰው በስሜ ሲጠራኝ እደነግጣለሁ። ሱቅ ውስጥ «አለበል!» ሲሉኝ ቆም ብዬ አስባለሁ።

እታለም፣ አንድ ነገር ገባኝ። ሦስት ዓመት ያለቀስኩት ለእሳቸው አልነበረም። ምን አድርጌ ነው፣ የቱን ብሎን ረስቼ ነው እያልኩ ለራሴ ነበር የማለቅሰው። መሪጌታን አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኳቸውም። ደጃፍ ላይ ቆመው ደመና ሲያዩ፣ ጌሾ ውስጥ ገብተው ሲቀሩ፣ ያን ሁሉ በደብዳቤ ብቻ ነው የማውቀው፤ አንድ ቀን አጠገባቸው አልቆምኩም።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ለቅሶ ተቀመጥኩ። እዚህ ያለን ጎጃሞች ጥቂት ነን፤ ሰምተው መጡ። የሐማሴኑ ሹፌርም ሚስቱን ይዞ መጣ። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ በር ላይ ስትገባ የሹፌሩን ሚስት ስትጠይቃት ሰማሁ።

«ማን ሞቶበት ነው?»

«የእህቱ ባል።»

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ያስለቅሰዋል?»

እኔ ራሴ መለስኩላት። «መርዶዬ ገና አሁን ደረሰኝ» አልኳት። ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና አጠገቤ ተቀምጣ፣ በማታውቃቸው ሰው ላይ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ። በእግሬ ነው የምመጣው።

ወንድምሽ
አለበል